ቴክስት ኤዲተር ምንድን ነው? ለዌብስ የትኛውን እንምረጥ?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ዌብ ፕሮግራሚንግ መማር ጀመረች። አንድ ቀን ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቀለሙም አልተቀየረ፣ የጽሑፉ መጠንም አልተቀየረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አፈጠጥኩበት፤ ምንም ስህተት አላየሁበትም» አለች። ድምጿ ላይ እልህ ነበረበት። ፋይሉን በቴሌግራም ላከችልኝ።

የምትጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ አብሮ በመጣው ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ነው። ሁሉም ፊደል ጥቁር፣ ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት። እኔ በኮድ ኤዲተር ስከፍተው ግን ሁለተኛው መስመር ሥር ስህተት የሚያሳይ ቀይ ሞገድ ነበር። የቀለሙን ስም ጽፋ ስትጨርስ ያስገባችው ሴሚኮለን ሳይሆን የኛን ድርብ ሰረዝ ነው። ኪቦርዷ አማርኛ ላይ እንደቀረ ረስታዋለች። «;» እና «፤» በደቃቅ ፎንት፣ በደከመ ዓይን፣ አንድ ናቸው።

የገጹን ቀለምና መልክ ለሚወስነው ቋንቋ፣ ለሲኤስኤስ ግን አንድ አይደሉም። ሲኤስኤስ ድርብ ሰረዝን የሚያየው እንደ ማንኛውም ፊደል ነው። ስለዚህ የቀለሙን ስም ከነድርብ ሰረዙ እንደ አንድ ቃል አነበበው። እንዲህ የሚባል ቀለም ደግሞ የለም። መስመሩን የሚዘጋውን «;» ስላላገኘ የሚቀጥለውንም መስመር አብሮ ጣለው። ለዚህ ነው ቀለሙም መጠኑም የቀሩት። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ፤ ዝም ብሎ አለፈ።

ቴክስት ኤዲተር ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ቴክስት ኤዲተር የጻፋችሁትን ፊደል ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። እንደ ወርድ ያለ የደብዳቤ መጻፊያ ከፊደሉ ጋር የፎንቱን ዓይነት፣ መጠኑን፣ የገጹን ኅዳግ ሁሉ አብሮ ይቋጥራል። ቀጥ ያለውን ትምህርተ ጥቅስ ሳትጠይቁት ወደ ጎባጣው ይቀይረዋል። ለደብዳቤ ያምራል። ኮድ ውስጥ ግን ያ ጎባጣ ጥቅስ ሥራ ያስቆማል። ብራውዘር የሚፈልገው እርቃኑን የሆነ ጽሑፍ ነው።

የኮድ ኤዲተር የሚባለው ከዚህ አንድ እርምጃ ይራመዳል። የምትጽፉትን እያነበበ ይከተላችኋል። የድረ ገጽ ቋንቋዎቹን፣ ኤችቲኤምኤሉን፣ ሲኤስኤሱን፣ ጃቫስክሪፕቱን በቀለም ይለያል። ያልተዘጋ ቅንፍ ያሳያል። ፋይሉ ላይ ግን ቀለሙን አይጽፍም፤ ቀለሙ ለዓይናችሁ ብቻ ነው።

በአማርኛ ገጽ ለምንሠራ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ፋይል ላይ የሚቀመጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዩቲኤፍ-8 ነው። ይህን አሠራር ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የቀየሱት ነው። በዚህ አሠራር የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይይዛል፤ የኛ ፊደል 3 ባይት። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፤ ፋይሉ ላይ ግን 9 ባይት። ብራውዘሩ ፋይሉን በሌላ አሠራር ካነበበው እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ይተረጉመዋል። ያኔ በ«ሰላም» ፋንታ ጭረትና ነጥብ የተጫነባቸው የላቲን ፊደሎች ይደረደራሉ። ከዚህ የባሰም አለ። ኤዲተሩ ራሱ በድሮው አሠራር ሴቭ ካደረገው ፊደላችን ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል፤ እሱ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ አዲስ ኤዲተር ስትከፍቱ መጀመሪያ ይህን እዩ። ቪኤስ ኮድ በሚባለው ኤዲተር ላይ ከታች በቀኝ በኩል ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? የኔ መልስ ከላፕቶፓችሁ ይጀምራል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚይዘው ቪኤስ ኮድን ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 አወጣው፤ በነፃ ነው። የተሠራው ኤሌክትሮን በሚባለው ላይ ነው፤ ማለትም ሆዱ ውስጥ አንድ ሙሉ ብራውዘር አለ። ራማችሁ 8 ጊጋ ከሆነ አትጨነቁ። 4 ጊጋ ከሆነና ጎን ለጎን ክሮም ከተከፈተ ግን መንተፋተፉ አይቀርም። እንዲህ ከሆነ በ2008 የወጣውን ሰብላይም ቴክስት ሞክሩት። ክፍያ አለው፣ ነገር ግን ለመሞከር የጊዜ ገደብ አልተቀመጠበትም። ማሽኑን አይከብደውም። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ አለ። ዶን ሆ በ2003 ያወጣው ነው፤ ያረጀ ማሽን ላይም ይሮጣል። ላፕቶፕ ሳይኖራችሁ በስልክ የምትማሩም አላችሁ። አንድሮይድ ላይ አኮድና ስፕክ የሚባሉ ኤዲተሮች አሉ፤ ኤችቲኤምኤል ለመጀመር በደንብ ይበቃሉ።

ቪምን ለብቻው ላንሳው። ብራም ሞለናር በ1991 አወጣው፤ መነሻው ቢል ጆይ በ1976 የጻፈው ቪአይ ነው። ማውዝ አይፈልግም። ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ፣ ስትገቡ ቪም ወይም አያቱ ቪአይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ዋና ኤዲተራችሁ ባይሆን እንኳ ፋይል ከፍቶ፣ አስተካክሎ፣ ሴቭ አድርጎ መውጣት ልመዱበት። ሲከፈት ኡጋንዳ ውስጥ ያሉ ድሃ ሕፃናትን እርዱ የሚል መልእክት ያሳያል። ሞለናር ለፕሮግራሙ በክፍያ ፋንታ የጠየቀው ይህንን ነበር። በ2023 አረፈ፤ መልእክቱ እስከ ዛሬ አለ። ባየሁት ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

በምርጫው ግን ብዙ አትጨነቁ የምለው በምክንያት ነው። ድሮ እያንዳንዱ ኤዲተር እያንዳንዱን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለየብቻ መማር ነበረበት። 10 ኤዲተርና 10 ቋንቋ ካለ 100 ሥራ ነው። በ2016 ማይክሮሶፍት ላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል የሚባለውን መግባቢያ ይፋ አደረገ። ቋንቋውን የሚያውቀው ክፍል ከኤዲተሩ ተለይቶ ለብቻው ይሠራል፤ መግባቢያውን የሚያውቅ ኤዲተር ሁሉ ይጠይቀዋል። 100 የነበረው ሥራ 20 ሆነ፤ 10 ለኤዲተሮቹ፣ 10 ለቋንቋዎቹ። ስለዚህ ቪኤስ ኮድ ላይ የምታገኙትን ጥቆማ ቪምም ሰብላይምም ላይ ማምጣት ይቻላል። ደግሞም ኤዲተር ይሞታል። ጊትሃብ በ2014 ያወጣው አቶም ስንቱ ወዶት ነበር። በታኅሣሥ 2022 ተዘጋ። ከእናንተ ጋር የሚቀረው የእጃችሁ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። እኔ የምከተለው አንድ ደንብ አለኝ፦ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ካናደደኝ ሴቲንጉን እቀይራለሁ። ካላናደደኝ አልነካውም። ጀማሪ ሰው መጀመሪያ ቀን 30 ኤክስቴንሽን (ኤዲተሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጭኖ፣ ጀርባውን በየሰዓቱ እየቀያየረ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ ሲመሽበት ሳይ ያሳዝነኛል። ጀርባው ጥቁር ይሁን ነጭ ዓይናችሁ ይወስን።

ለአክስቴ ልጅ ቪኤስ ኮድ ላይ ያስተካከልኩላትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ፕሪቲየር የሚባለው ኤክስቴንሽን ነው። ሴቭ ባደረገች ቁጥር የተዘበራረቀውን ኮድ መልክ ያስይዘዋል። ሁለተኛው አውቶ ሴቭ ነው። መብራት እልም ሲል የሁለት ሰዓት ልፋት አብሮ እንዳይሄድ፣ መጻፍ ካቆመች ከ1 ሰከንድ በኋላ ቪኤስ ኮድ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፕሪቲየር በዚህ አውቶ ሴቭ አይነሳም። ኮዱ እንዲስተካከል ኮንትሮልና ኤስን ራሳችሁ ተጫኑ።

ሦስተኛው የምወደው ነው። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ኤሜት የሚባል ነገር አብሮ ይመጣል። ባዶ የኤችቲኤምኤል ፋይል ላይ ቃለ አጋኖ ብቻ ጻፉ፤ «!»። ከዚያ ታብ ተጫኑ። የገጹ አጽም በሙሉ ይመጣል፣ ዩቲኤፍ-8 የሚለው መስመርም ጭምር። ነገር ግን የገጹ ቋንቋ ላይ እንግሊዝኛ ብሎ ይጽፋል። ያን ሳንቀይር ከተውነው ብራውዘሩ የአማርኛ ገጻችንን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራምም ይሳሳታል። በየገጹ ማረም ይሰለቻል። ሴቲንግ ውስጥ የኤሜት ቫሪያብልስ የሚል ቦታ አለ። እዚያ ቋንቋውን አንዴ «ኤኤም» በሚለው የአማርኛ ምልክት ቀየርንላት። ከዚያ በኋላ ቃለ አጋኖው ሁሌ የአማርኛ ገጽ ይከፍታል።

አራተኛው ፎንት ነው። የኮድ ፎንቶች እያንዳንዱን ፊደል እኩል ስፋት ይሰጡታል፤ አብዛኞቹ ግን የኛን ፊደል አልያዙም። ስለዚህ ኤዲተሩ ፊደላችንን ያገኘው ቦታ ሄዶ ያመጣዋል፤ አንዳንዴ ደቆ፣ አንዳንዴ ገዝፎ። የፎንት ሴቲንጉ ላይ ከኮድ ፎንቱ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አድርጋችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጨምሩ። እንግሊዝኛው ከመጀመሪያው፣ አማርኛው ከሁለተኛው ይወሰዳል። መጠኑንም ከፍ አድርጉት። «ጸ»ና «ጾ» በደንብ መለየት አለባቸው።

ኢንተርኔት ላስቸገራቸው ደግሞ፦ የቪኤስ ኮድ ኤክስቴንሽን የግድ ከዚያው ከፕሮግራሙ ውስጥ መውረድ የለበትም። ጥሩ መስመር ያለው ጓደኛችሁ ቪኤስአይኤክስ የሚባለውን ፋይል ያውርድና በፍላሽ ይስጣችሁ። ኤክስቴንሽን የሚታይበት ቦታ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ስትጫኑ ከፋይል ጫን የሚል ምርጫ አለ። ፕሪቲየርን የጫንላት እንዲህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሴቲንጓን አሳየችኝ። አራቱ እንዳሉ ናቸው። አምስተኛውን ራሷ ጨምራዋለች። የመረጡትን ምልክት በቀለም የሚያደምቅ ኤክስቴንሽን አግኝታ «፤»ን ሰጥታዋለች። አሁን ኮዷ ውስጥ ድርብ ሰረዝ ከገባ ጀርባው ቀይ ይሆናል።