«ድሬ ይሞቃል፣ ቴርሞስታቱን አውጣው» እና ሌሎች ሞተር የሚጨርሱ ምክሮች

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ባፈላ ቁጥር ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ፀሐይዋ ናት። ሹፌሩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ እንፋሎቱ ይቀበለዋል፣ ጥላ ስር ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ምክር ይወርድለታል። «አቦ፣ ሙቀቱ ነው!» «ቴርሞስታቱን አስወጣውና ተገላገል!» «ፓምፑ ሞቷል፣ ቀይረው!» ያንን ሁሉ ምክር ሰምቶ፣ ገንዘቡን ጨርሶ የሚመጣው መኪና ደግሞ እኔ ጋ ነው የሚፈታው። ደጋግሜ ማስረዳት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ ስለ ፓምፑ። የሞተር ውሃ ፓምፕ ውሃ ያዞራል፣ በቃ። ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩ ቀበቶ፣ ያሽከረክረዋል፣ ውስጡ ያለው ባለ ክንፍ ጎማ መሳይ ብረት ውሃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ይገፋዋል። ሙቀቱን የሚያስወግደው ግን ራዲያተሩና ንፋሱ ነው። «ትልቅ ፓምፕ ግጠምልኝና ይቀዝቅዝልኝ» የሚለኝ ሰው ይህን ይያዝልኝ። ባጃጅ ያላችሁ ደግሞ እዚህ ላይ ልትለዩን ትችላላችሁ። የእናንተ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ የውሃ ፓምፕ የለውም።

«ኩላንት ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው፤ እዚህ ውሃ ይበቃል።»

ይህ ወሬ የማይሞተው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ኩላንት፣ ማለትም ራዲያተር ውስጥ የሚሞላው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ግላይኮል አለበት፤ ግላይኮሉ ውሃ በረዶ እንዳይሆን ያደርጋል፤ ድሬ ላይ ደግሞ በረዶ የለም። እሺ። ግን ያው ፈሳሽ ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ውስጡ ያለው ኬሚካል ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። የፓምፑን የውሃ ሲልም ያለሰልሳል። ሲሉ ማለት ውሃው በፓምፑ ዘንግ በኩል ወደ ኩሽኔታው፣ ዘንጉ ተደግፎ ወደሚዞርበት ክፍል፣ እንዳያልፍ የሚይዘው ነው። በንጹሕ ውሃ ብቻ ሲሠራ ፊቱ ይፋቃል፣ ያንጠባጥባል፣ ከዚያ «ፓምፑ ኮፒ ነው» ይባላል።

የድሬ ውሃ ምን እንደሚመስል ደግሞ ሻይ የምታፈላ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ማንቆርቆሪያው ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥም ይጋገራል። ሐረር ያላችሁም አታመልጡም። ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል በፓምፕ የሚገፋ የጉድጓድ ውሃ ትጠጣለች። ባለፈው አንድ ራዲያተር ከፍቼ ቱቦዎቹን በቀጭን ሽቦ ስነካካቸው ሽቦው ከግማሽ በላይ በሆኑት ውስጥ አላልፍ አለ። ባለቤቱ በየቀኑ ጠዋት በሃይላንድ ጠርሙስ የቧንቧ ውሃ ይጨምር ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነው፣ አንድ ቀን አላሳለፈም። በጥንቃቄ ደፈነው።

ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የባትሪ ውሃ። የባትሪ አሲድ አላልኩም፣ የባትሪ ውሃ ነው ያልኩት! ኩላንቱን ሳትቀላቅሉ ብቻውን መሙላትም አይሆንም፤ ብቻውን ሲሆን ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከቅልቅሉ ያንሳል። ቀለሙን አይታችሁ ደግሞ «አረንጓዴው ለዚህ፣ ቀዩ ለዚያ» አትበሉ። ቀለም አምራቹ እንደፈለገ የሚጨምረው ነገር ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ሁለት ዓይነትም አትደባልቁ።

«ሞቃት አገር ነው፤ ቴርሞስታት አያስፈልግም።»

እዚህ ጋ ትንሽ አረፍ በሉ፤ እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄኛው ነው።

ቴርሞስታት ውስጧ ሰም ያለባት ትንሽ በር ናት። የሞተሩ ውሃ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በሩ ዝግ ነው። ውሃው ባይፓስ በሚባለው አጭር መንገድ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። ሙቀቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ቢለያይም 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ይቀልጣል፣ ያብጣል፣ በሩን ገፍቶ ይከፍታል። ያኔ ውሃው ወደ ራዲያተር ይሄዳል።

«ታዲያ በሩ ከወጣ ውሃው ሁልጊዜ ወደ ራዲያተር አይሄድም እንዴ? አይሻልም?» ይሉኛል። እንዲያ ቢሆን ምን ነበረበት። እነ ዶልፊን ሚኒባስና ሃይሉክስ ላይ ባሉት በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ከላይ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ከሥሩ ባለችው ክብ ሳህን ባይፓሱን ይዘጋል። አንዱን አይታችሁት ከሆነ ያቺ ከታች በስፕሪንግ የተያዘች ሳህን ለጌጥ አይደለም የተሠራችው። አውጥታችሁ ስትጥሉት ሁለቱም መንገድ ክፍት ይቀራል። ውሃ ደግሞ የሚቀለውን መንገድ ይወዳል። በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ከመጨናነቅ ከፊሉ እንደጋለ በባይፓሱ ዞሮ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

ከተማ ውስጥ ይህን አታዩትም። ከሳቢያን እስከ ከዚራ ስትመላለሱ የሙቀት ጌጁ እንዲያውም ከወትሮው ዝቅ ይላል። «አላልኩህም?» ይላል መካሪው። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን አቀበት መውጣት ስትጀምሩ ነው ጉድ የሚፈላው። ድሬ ከ1200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ መኪናው ቀስ ስለሚል ንፋስ የለም። ያን ጊዜ እያንዳንዷ ጠብታ በራዲያተሩ ማለፍ ነበረባት።

አንድ የድሬ–ሐረር ዶልፊን ሹፌር ነበር። ደንገጎ ላይ ያፈላበታል። ፓምፕ ቀየረ፣ አፈላ። ራዲያተር አሳጠበ፣ አፈላ። የመጀመሪያው ፓምፕ ኮፒ ነው ተብሎ ሌላ ቀየረ፣ አፈላ። እኔ ጋ ሲመጣ ሦስተኛ ፓምፕ በካርቶኑ ብብቱ ስር ይዞ ነው። «ይቺን ግጠምልኝ» አለኝ። ፓምፑን ትቼ የቴርሞስታቱን ቤት ሁለት ብሎን ፈታሁና ክዳኑን አነሳሁ። ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበት ዙሪያ ዝገት አብቅሏል፣ ጎማው እንኳ የለም፣ ባዶ ጉድጓድ። መኪናውን ሲገዛው ጀምሮ እንደዚያው ነበር፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ከፓምፑ ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ብር ቴርሞስታት ከነጎማው ገዝቶ አመጣ፣ ቦታውን ፍቄ ገጠምኩለት። ፓምፑን ከነካርቶኑ ሊመልስ ሄደ። ሻጩ አልቀበልም ብሎት ተጣልተው ነበር አሉ።

ይህን ስናገር ደግሞ ከሙያ ጓደኞቼ አንዱ አያጣም፦ «ልክ ነህ፣ ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው በጣም ይፈጥንና ራዲያተር ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም።» መደምደሚያው ደህና፣ ምክንያቱ ስህተት። ውሃው በፍጥነት መዞሩ ማቀዝቀዝን አይቀንስም። ችግሩ መንገዱን መሳቱ ነው።

ባይፓስ በሌለው ሞተር ላይስ? ያኔ ላያፈላ ይችላል። ግን ቀዝቃዛ ሞተር ጤነኛ ሞተር አይደለም። ሐረር ጠዋት ላይ ተነሥታችሁ ስትሄዱ መሞቂያ ጊዜው ይረዝማል። ነዳጅ በደንብ አይቃጠልም፣ ያልተቃጠለው ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሲሊንደር ይበላል። ባለቤቱ «ነዳጅ በላብኝ» ብሎ ኢንጀክተር ያስነቅላል። እነዚያን የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ተመልከቱ። በፈረንጆቹ 1960 የወጣ መኪና ነው። ፈረንሳዮቹ ያኔ ፋኑን ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ በማግኔት የሚያያዝ አድርገው ነበር የሠሩት፤ ሞተሩ ያለአግባብ እንዳይቀዘቅዝ። ያን ያህል የተጨነቁበትን ነገር እኛ በካቻቢቴ ነቅለን እንጥላለን።

ሙቀቱ ምንም አያመጣም እያልኩ አይደለም። ራዲያተር ሙቀት የሚጥለው በውሃውና በውጭው አየር መካከል ባለው ልዩነት ነው። ውሃው 90 ዲግሪ፣ አየሩ 22 ሲሆን ልዩነቱ 68 ነው። አየሩ 37 ሲሆን ግን 53 ብቻ። ስለዚህ እዚህ ራዲያተሩ ያለው ትርፍ አቅም ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ እንደምንም ችሎ የሚሄድ ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር ድሬ ሲገባ ይጋለጣል። መልሱ ራዲያተሩን ማጽዳት ነው። ክንፎቹ መካከል የገባውን አቧራና ነፍሳት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ እጠቡት። በኃይለኛ ግፊት ካጠባችሁት ክንፎቹ ይተኛሉ።

«የራዲያተር ክዳን ያው ክዳን ነው።»

ላስቲክ ጠቅልሎበት በሽቦ ያሠረ አጋጥሞኛል። በከፍታችን ምክንያት ክፍት ውሃ ድሬ ላይ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሐረር ላይ ደግሞ 94 አካባቢ። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚለው ደህና ሆኖ ከያዘ ድሬ ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣችኋል። ግፊቱ ለፓምፑም ይጠቅማል፤ ግፊት ሲጠፋ ክንፎቹ ላይ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ይህን ክዳን በጋለ ሞተር ላይ አትክፈቱ። በጨርቅም አትክፈቱ። የተላጠ ክንድ አይቻለሁ፣ የረዳት ልጅ ክንድ፤ አስቸኩሎ ያስከፈተው ሹፌሩ ነው።

«ፓምፑ ሥር ያለችው ቀዳዳ ታፈሳለች፤ በሙጫ ድፈናት።»

ያቺ ቀዳዳ የተበሳችው ሆን ተብሎ ነው። ሲሉ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ሳይሄድ ወደ ውጭ እንዲወርድ፣ እናንተም እንድታውቁ። ስትደፍኗት ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ግሪሱን ያጥባል። አንድ ጫት ጫኝ አይሱዙ በሙጫ ደፍኖ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሲሠራ ቆየ። ከአወዳይ ጭኖ ሲወጣ ዘንጉ ተነቅሎ ፋኑ ራዲያተሩን ቆራረጠው። ጫት ደግሞ ስፔርፓርት እስኪገኝ አይጠብቅም። ከራዲያተሩ ይልቅ የጫቱ ኪሳራ ነው ያስለቀሰው።

«አያፈስም፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚሉም አሉ። ሳያፈስ ክንፉ ተበልቶ ያለቀ ፓምፕ አለ። ኩሽኔታውም ሳያፈስ ሊያልቅ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ ነቅንቁት። ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል።

ቺንጋ በጠበቀ ቁጥር ይሻላል? አይሻልም፣ ኩሽኔታ ይገድላል። መሐሉን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ይርገብ። የታይሚንግ ቺንጋው ፓምፑን በሚያዞርባቸው መኪኖች ደግሞ ቺንጋው ሲቀየር ፓምፑም አብሮ ይቀየር፤ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻላል።

እንቁላል ራዲያተር ውስጥ አፍስሶ ማሸግ? ቀዳዳውንም ቱቦውንም ያሽጋል። እንቁላሉን ብሉት።

ደንገጎ ላይ ጌጁ መውጣት ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው። በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ አታስወጡት፣ ማርሽ ቀንሱ። ፓምፑና ፋኑ የሚዞሩት በሞተሩ ፍጥነት ነው፤ ዙሩ ከፍ ሲል ውሃውም ይፈጥናል። ካልቀነሰ ዳር ያዙ። ውሃው ካልፈሰሰ ከሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ከሚዞርበት ዙር፣ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ አሠሩት፣ ከዚያ አጥፉ። ውሃው ፈስሶ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፉ፣ አንድ ደቂቃም አትጨምሩ። በጋለ ሞተር ውስጥም ሆነ በላዩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ተሳፋሪ ቢጮህም ይጩህ።

የመጨረሻው፣ «ያገለገለ ኦርጅናል ፓምፕ ከአዲስ ኮፒ ይሻላል።» ለበር፣ ለመስታወት፣ ለወንበር ልክ ነው። ለፓምፕ አይደለም። ከወደቀ መኪና ተነቅሎ ለወራት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ሲሉ ደርቋል፤ ውሃ በነካው በሳምንቱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ጥሩ ስም ያለው አዲስ ግዙ። ስትገጥሙ የድሮውን ጋስኬት ቅሪት በደንብ ፋቁ፣ ፊቱን ግን አትጫሩት። ኩላንቱን ቀስ እያላችሁ ሙሉ፣ ማሞቂያውን ከፍታችሁ አሠሩትና አየሩ ይውጣ። ማግስቱን ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ትንሽ መውረዱ አይቀርም፤ ሙሉትና ሂዱ።