ከድሬ ወደ ታጁራ፦ ስለ ባሕሩ በስህተት የምንሰማው ወሬ

ድሬ ላይ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ ባሕር የሚያወራው አያጣም። ገሚሱን የሰማው ከጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ነው፣ ገሚሱን ደግሞ ምድር ባቡር ከሠሩ አባቶች። እኔም ያደግኩት በዚሁ ወሬ ነው። ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ሄጄ ካየሁ በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በወሬው ምክንያት አንዳንዱ ጭራሽ አይሄድም፣ አንዳንዱ ደግሞ በማይሆን ወር ሄዶ ተቃጥሎ ይመለሳል።

«ጅቡቲ ወደብና ካሚዮን ነው፤ ምን የሚታይ አለ?»

ይህን የሚሉ ሰዎች የሚያስቡት ዋና ከተማዋን ብቻ ነው። እሷ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1888 የተቆረቆረች ናት፣ የኛን ድሬን በ14 ዓመት ብቻ ነው የምትበልጣት። የቆየ ታሪክ ከፈለጋችሁ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግራችሁ ታጁራ ግቡ። ፈረንሳዮች ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት የአፋር ሱልጣን መቀመጫ ነበረች፤ ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴም የሚነሳው ከዚያ ነው። በግመል ጨው ወጥቶባታል፣ መሣሪያ ወጥቶባታል። ከመሀል አገር የተነዱ ባሪያዎችም በዚያው ባሕር ተጭነዋል፤ ዳርቻው ላይ ስትቆሙ ይሄንንም አስቡት። ዛሬ ትንሽ፣ ጸጥ ያለች፣ ነጫጭ ቤቶች ያሏት ከተማ ናት። የሰባቱ መስጊዶች ከተማ ይሏታል።

ሐረር ያላችሁ ደግሞ ፈረንሳዊውን ባለቅኔና ነጋዴ ራምቦን የሐረር ብቻ አድርጋችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ሰውየው ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት የቆየው ታጁራ ነው። በፈረንጆቹ 1886 መጨረሻ ላይ ነው በስንት መከራ የተነሳው፤ ሸዋ የደረሰው በ1887 መጀመሪያ ነው። የራምቦን ቤት ያየ ሰው ታጁራን ካላየ ታሪኩን ግማሽ ላይ ነው የተወው።

«ባቡር ላይ ትወጣለህ፣ ባሕሩ ዳር ያወርድሃል»

ይሄ የድሮው ባቡር ትዝታ ነው። ድሬ ላይ ከዚራ ሰፈር ያለው ለገሃር፣ የድሮው ጣቢያ፣ ቆንጆ ሕንፃ ነው፣ ግን የዛሬው የጅቡቲ ባቡር ከዚያ አይነሳም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጪ ነው፤ ጅቡቲ ሲደርስም የሚቆመው ናጋድ ላይ፣ አሁንም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በሁለቱም በኩል ታክሲ አስቡ። ከዚያ ታጁራ ለመድረስ ወይ ፌሪ ነው ወይ መኪና። ፌሪው በፈለጋችሁት ሰዓት አይገኝም፣ ቀኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ድንበር ነውና ፓስፖርት አትርሱ።

«የድሬ ሰው ሙቀት ለምዷል፣ ምንም አይለውም»

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት። ሙቀታችን ደረቅ ነው፤ ላባችን ወዲያው ይደርቃል፣ ሲመሽ ደግሞ ነፋስ አለ። ጅቡቲ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት፣ አየሩ ውኃ ያዘለ ነው፣ ላቡ አይደርቅም፣ እላያችሁ ላይ ይቀመጣል። ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ሌሊቱም እፎይታ የለውም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ከክፍሌ መውጣት አቃተኝ፣ ባሕሩን ያየሁት በመስኮት ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን በታኅሣሥ ሄድኩ። ሌላ አገር የሄድኩ ነው የመሰለኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ሂዱ።

«አሳል ሄደን ነጩ አሸዋ ላይ እንተኛለን»

አሸዋ አይደለም፣ ጨው ነው! አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ከእሱ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ውኃው ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። መኪና ይዛችሁ ወደ ታጁራ ከሄዳችሁ በመንገዳችሁ ላይ ነው፣ ሳታዩት እንዳታልፉ። ግን ጫማ አድርጉ። የአክስቴ ልጅ «አቦ ተወኝ» ብሎ ባዶ እግሩን ገባ። ጨው ደግሞ ሲጠነክር እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው፤ ተረከዙን ቆረጠው፣ ቁስሉ ውስጥ ያው ጨው ገባ፣ ልጁ አለቀሰ። ክንዳችን ሲደርቅ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ፣ ቆዳችን ተሰባበረ። መታጠቢያ የሚሆን ውኃ በጄሪካን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዓይናችሁን በእጃችሁ አትንኩ። ዳር ላይ የአፋር ልጆች እንደ ሽምብራ ክብ የሆነ ጨው ይሸጣሉ። ማንም አላድበለበለውም፣ ውኃው ራሱ እያንከባለለ ነው የሠራው። ለእናቴ አንድ እፍኝ ገዛሁ።

መተኛት ከፈለጋችሁ ከታጁራ ትንሽ ወጣ ብሎ ሳብል ብላን አለላችሁ፤ ስሙም በፈረንሳይኛ ነጭ አሸዋ ማለት ነው። ውኃው ሞቅ ያለ፣ ጠራ ያለ ነው፣ ደረታችሁ ድረስ ገብታችሁ ጣቶቻችሁን ትቆጥራላችሁ። እዚያ ውስጥ ድንጋይ የሚመስላችሁ ነገር ኮራል ነው፣ ሕይወት አለው። አትቁሙበት፣ አትስበሩት።

«ሻርክ አለ» የሚሉት እውነት ነው፣ ፍርሃቱ ግን ልክ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሕረ ሰላጤው ውስጥ የሚመጣው ዌል ሻርክ ነው። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ የሚበላው ግን ውኃውን አጣርቶ የሚያገኛቸውን ጥቃቅን የባሕር ነፍሳትና የዓሣ እንቁላል ነው። ሰው አይነካም፤ እናንተም አትንኩት።

በቋንቋ አትጨነቁ። ጅቡቲ ከተማ ላይ ሶማሊኛ የሚችል የድሬ ልጅ ቤቱ ነው፤ ታጁራ ላይ አፋርኛ ነው የሚያስከብረው። ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ጫቱ ከኛው አገር ገብቶ ሰው ይቀመጣል፤ ስለዚህ የምትገዙትን በጠዋት ግዙ። ማታ የየመን ዓሣ ብሉ። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው ይዘረጉታል፣ በርበሬ ይቀቡትና ከሚነድ ምድጃ ውስጥ ያስገቡታል፤ ጠርዙ ሲከስል አውጥተው ከትኩስ ቂጣ ጋር ያቀርቡላችኋል። በእጅ ነው የሚበላው።