ታብ ካለኝ ኖታ ምን ያደርግልኛል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ቤቴ ውስጥ ጊታር አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ያንኑ ነገር እሰማለሁ። በጣም ሰልችቶኛል፣ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ጣቴ አጭር ነው።» አይደለም። አውራ ጣትህ ከጊታሩ አንገት በላይ ወጥቶ ነው። ወደ ኋላ አውርደው፣ ሌሎቹ ይደርሳሉ።

«ጣት ካልደማ ጊታር አይለመድም።» ውሸት። ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተጋደመው ብረት) ላይ ሳይሆን፣ ከብረቱ ጠጋ ብለህ በጊታሩ ራስ በኩል ተጫን፣ ትንሽ ኃይል ይበቃሃል። ደግሞ በየቀኑ 15 ደቂቃ መልመድ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከመልፋት ይሻላል።

«የናይለን ክር ድምፁ ደካማ ነው፣ ብረት ላስርበት።» እባካችሁ ተዉ! ክላሲክ ጊታር የብረት ክር ውጥረትን እንዲችል አልተሠራም። ብሪጁ (ክሩ ሆዱ ላይ የሚታሰርበት እንጨት) ተገንጥሎ እጄ ላይ የመጣ አለ፣ ያሳዝናል።

«ታቡ ተገልብጧል።» ታብ ማለት ስድስቱን ክሮች በስድስት መስመር አስምሮ የምትጫነውን ፍሬት በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። የላይኛው መስመር ቀጭኑ ክር ነው፣ ልክ ነው። ጊታሩን ጭንህ ላይ አስተኝተህ ቁልቁል እየው፣ ይገባሃል።

አሁን ወደ ዋናው። «ታብ ካለ ኖታ ለምን እማራለሁ?»

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከኮየ ፈጬ በዚያ ጭቃ እየተመላለሰ ይማር ነበር። የአንድ የሰርግ ዘፈን ታብ ስልኩ ላይ አውርዶ ሁለት ሳምንት ለፍቶበት መጣ። አንድም ፍሬት አልሳተም። ግን ዘፈኑ የቱ እንደሆነ ማናችንም አላወቅነውም። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ገና እየቃኛችሁ ነው?» አለች። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ታቡ 0፣ 2፣ 0፣ 3 ይላል እንጂ የትኛው ላይ ቆይ፣ የትኛውን ቶሎ እለፈው አይልም። ታብ የት እንደምትጫን ይነግርሃል፣ ለስንት ምት እንደምትቆይ ግን ብዙዎቹ ታቦች አይጽፉትም። ኖታ ይጽፈዋል። በአራት አራት ምት (4/4) በሚቆጠር ዘፈን ባዶ ክብ አራት ምት ነው፣ ዘንግ ሲጨመርበት ሁለት፣ ሆዱ ሲጠቁር አንድ። ይህን ለመያዝ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል!

ጊታሩን አስቀመጥንና ጠረጴዛ መታን። ችክችካ ስለሆነ በ6/8፣ እስከ ስድስት እየቆጠርን፣ አንድና አራት ላይ ጠበቅ እያደረግን። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና አብራ አዜመች።

«ኖታ የፈረንጅ ነው» የሚለኝ ሰው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ገልጦ አያውቅም። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይ ተሰድረው እያየ ዜማን በምልክት መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነው ሊል አይችልም።

ታብን ጣሉት አላልኩም። ቀጭኑ ክር ባዶውን ሲመታ የሚሰጠው «ሚ» የሚባለው ድምፅ፣ ሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይም፣ ሦስተኛው ክር 9ኛ ፍሬት ላይም አለ። የቱን እንደምትይዝ ኖታው ብቻውን ሁልጊዜ አይነግርህም፣ ታቡ ይነግርሃል። ብዙ የጊታር መማሪያዎች ኖታውን ከላይ፣ ታቡን ከሥሩ አድርገው የሚያትሙት ለዚህ ነው። እንደዚህ ያለ ገጽ ስታገኝ መጀመሪያ የላይኛውን በእጅህ አጨብጭበው። ከዚያ ጊታርህን አንሳ።