ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት አጣመን የያዝናቸው ነገሮች

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚያጠና ሰው ባለበት ቤት ጄፈርሰን፣ 1776፣ 1787 የሚሉት ከአፍ አይጠፉም። ስሙና ዓመቱ ይሸመደዳል፤ ሐሳቡ ግን ይደበላለቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሕገ መንግሥቱን የጻፈው ጄፈርሰን ነው»

አይደለም። እሱ ያረቀቀው የ1776ቱን የነፃነት አዋጅ ነው። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ጄፈርሰን አገሩን ወክሎ ፓሪስ ነበር። ጆን አዳምስም ለንደን ነበር። «ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል» የሚለውም የአዋጁ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

«ባሪያው ሦስት አምስተኛ ሆኖ እንዲቆጠር ያደረጉት የባሪያ አሳዳሪ ግዛቶች ናቸው»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። የደቡብ ግዛቶች ዓይናቸውን በጨው ታጥበው «ሙሉ ይቆጠሩልን» ነው ያሉት። ለምን? የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ የሚደለደለው በሕዝብ ብዛት ነው። የመምረጥ መብት የሌለው ሰው ሲቆጠር ድምፁ ለጌታው ይሆናል ማለት ነው። ሰሜኖቹ ተቃወሙ፣ ድርድሩም ሦስት አምስተኛ ላይ ቆመ። በዚህም ቢሆን ደቡብ ትርፍ መቀመጫ አገኘ፤ ፕሬዚዳንት ሲመረጥም የየግዛቱ ድምፅ መቀመጫውን ስለሚከተል እንደዚያው ትርፍ ድምፅ።

«መሥራቾቹ የፈለጉት ዴሞክራሲ ነበር»

ነገሩ ወዲህ ነው። ንጉሥ ያስፈራቸውን ያህል የብዙኃኑ ስሜትም ያስፈራቸው ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ጄምስ ማዲሰን ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ ለመሟገት ከተጻፉት የፌዴራሊስት ጽሑፎች በቁጥር 10 ላይ ሁለቱን ይለያል፦ ዴሞክራሲ የሚለው ዜጋው ራሱ ተሰብስቦ የሚወስንበትን፣ ሪፐብሊክ የሚለው በተወካይ የሚተዳደረውን። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ ሪፐብሊክ የሚያዋጣው ለትንሽ አገር ነው ብሎ ነበር። ማዲሰን ገለበጠው። አገር ሲሰፋ ጥቅማቸው የሚለያይ ቡድኖች ይበዛሉ፤ አንዱ ብቻውን አብላጫ ይዞ ሌላውን ለመጨቆን ይቸገራል። ለእኔ ከክርክሮቹ ሁሉ ብልሁ ይኼ ነው።

አወቃቀሩም ይህንኑ ፍርሃት ያሳያል። መጀመሪያ ላይ መራጩ በቀጥታ የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤትን ብቻ ነበር። ሴናተሮችን፣ ማለትም የሁለተኛውን ምክር ቤት የሴኔቱን አባላት፣ የግዛት ምክር ቤቶች ይመርጡ ነበር፤ ይህ በማሻሻያ የተቀየረው በ1913 ነው።

«የሥልጣን ክፍፍል ማለት ሦስቱ አካላት አይነካኩም ማለት ነው»

ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ፍርድ ቤቱ እንዲያውም ሆን ተብለው ተቆላልፈዋል። ፕሬዚዳንቱ ሕግ በቬቶ ይመልሳል፤ ኮንግረስ (ሁለቱም ምክር ቤቶች) በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቬቶውን ይሽራል። ዳኛ የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ፣ የሚያጸድቀው ሴኔቱ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ሴኔቱን ይመራል።

«ሁሉም ተስማምተው ፈረሙ»

ፊላደልፊያ ላይ ከተገኙት 55 ልዑካን የፈረሙት 39 ናቸው። ሮድ አይላንድ ጭራሽ ሰው አልላከችም። የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን እስከ መጨረሻው ቀን ተቀምጦ አልፈርምም አለ፤ አንዱ ምክንያቱ ሰነዱ የመብቶች ዝርዝር የለውም የሚል ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የመናገርና የሃይማኖት ነፃነት ከመጀመሪያዎቹ ማሻሻያዎች ጋር የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ1791 ነው።