ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር፦ ስለ ቴክኖሎጂና ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዘንድሮ ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ማስተማር ልምምድ ላይ ነበርኩ። ከታች ያሉትን አባባሎች በመምህራን ማረፊያም፣ ቤት ቡና ሲጠጣም ሰምቻቸዋለሁ። ግማሾቹን እኔም አምንባቸው ነበር።

«ዕቃው ከገባ ትምህርቱ ይሻሻላል»

እኔ የማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ የፕላዝማ ቴሌቪዥን አለ። ከሠራ ቆይቷል። ዝናብ ሲሆን ልጆቹ እርጥብ ጃኬታቸውን ይሰቅሉበታል። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ግን በእሱ የሚተላለፈው የሳተላይት ትምህርት ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ገጠርም ከተማም ያለ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት በእንግሊዝኛ ይከታተላል ተባለ። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳው ገደማ የቴሌቪዥኑ ነበር። መምህሩ ከፊትና ከኋላ የተረፈችውን ይዞ ጥግ ይቆማል።

በፕላዝማ የተማረው ታላቅ ወንድሜ ዛሬም እየሳቀ ያወራዋል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ጥያቄውን ደብተርህ ላይ ገልብጠህ ሳትጨርስ መልሱን ነግሮህ ያልፋል። «ቲቸር አልገባኝም» ብትል ማን ያቆመዋል? መብራት ከሄደ ደግሞ ያ ክፍለ ጊዜ በቃ ሄደ። የምስሉ ጥራት አልነበረም ችግሩ። ልጁን የማይጠብቅ ነገር ነበር።

የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፔሩ ለየልጁ ላፕቶፕ አደለች፤ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራው ጥናት ግን በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም።

«የዘንድሮ ልጅ ቴክኖሎጂ በደሙ ነው»

ቪዲዮ ቆርጦ ሙዚቃ የሚያስገባ ተማሪ አለኝ፤ እኔ አልችልበትም። በቴሌግራም የላክሁትን ፒዲኤፍ ግን ስልኩ ውስጥ የት እንደገባ ማግኘት አቅቶት ሦስት ጊዜ አስላከኝ። መጠቀምና ለትምህርት መጠቀም ይለያያሉ፤ ሁለተኛው እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ ነው፣ ካላስተማሩት አይመጣም።

«ኢንተርኔት ከሌለ ምንም መሥራት አይቻልም»

ይህን በጣም አምን ነበር። ፌት የሚባሉት፣ የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያቀርባቸው የሳይንስ ሲሙሌሽኖች (ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች) ግን አንዴ ከወረዱ ያለ ኔትወርክ ይከፈታሉ፤ የሚይዙትም ጥቂት ሜጋባይት ነው። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚሠራበትን ቤቴ አውርጄ፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚልከው ዜንደር ለሰባት ስልኮች አዳረስኩ። አንድ ስልክ ለስምንት፣ አንዳንዴም ለዘጠኝ ልጅ።

የዚያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም። ማስረዳቱን ተውኩና በየቡድኑ መዞር ጀመርኩ። ከኋላ በኩል ጩኸት ተነሳ፤ አንዷ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ አገናኝታ ስክሪኑ ላይ እሳት ነደደ። ሳቁ። አጠፉትና እንደገና አነደዱት። አራተኛው ላይ አምፖል መሃል አስገቡ፤ እሳቱ ጠፋ፣ አምፖሉ በራ። «ቲቸር፣ ለምንድነው አሁን ያልተቃጠለው?» ስለ ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን ፍሰት ስለሚገታው ነገር) ሁለት ቀን ስለፈልፍ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም። ስልኩ አልቸኮለባቸውም፤ ደግመው እንዲያበላሹ ፈቀደላቸው።

(ስልክ ክፍል ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። ከርዕሰ መምህሩ አስቀድሜ ፈቃድ ለምኛለሁ፣ ትምህርቱ ሲያልቅም ስልኮቹን ቆጥሬ መልሻለሁ። ክልከላውን አልቃወምም፤ ሌላ ቀን ቲክቶክ ምን እንደሚያደርጋቸው አይቻለሁ።)

«ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መምህሩን ይተካል»

ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ፊልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍን በአብዛኛው እንደሚተካ ተናግሮ ነበር። መጽሐፉ አሁንም ቦርሳችን ውስጥ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ልጆቹ ኤአይ የሰጣቸውን መልስ ሳይገባቸው መገልበጣቸው። የቤት ሥራ ስሰበስብ አሥራ አንድ ደብተር ላይ አንድ ዓይነት መልስ፣ አንድ ዓይነት ስህተት አገኘሁ። አንዱን ሰሌዳ ላይ ሥራ ስለው ጠመኔውን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ። አልተቆጣሁም፤ የቤት ሥራውን ቀየርኩ፦ ቅዳሜ ማታና እሑድ ማታ የቤታችሁን ቆጣሪ አንብቡ፣ ልዩነቱን ጻፉ፣ ከየት እንደመጣ አስረዱ።

ሰኞ ዕለት የሁሉም ቁጥር ተለያይቶ መጣ። አንዱ ልዩነቱ ላይ ዜሮ ጽፎ ከሥሩ «ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም» ብሏል። አስር ከአስር ሰጠሁት።