«የጨዋ ልጅ» ማን ነው?

ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ ቤት የሚያከራዩ አንድ አባወራ ደላላውን «የጨዋ ልጅ አምጣልኝ» ሲሉት ሰማሁ። ደላላው «ምን ዓይነት?» ቢላቸው «ኪራይ ሲጨመርበት የማይነጫነጭ» ብለው መለሱለት። ደላላው ነገሩ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

እኔ ባደግሁበት የጣና ዳር አገር አንድ ሰው የጨዋ ልጅ የሚባለው አጥንቱ ከተቆጠረ በኋላ ነበር። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢባሉም የመጡበት ጉዳይ ሳይሰማላቸው አይቀመጡም፤ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሲመለሱ ደግሞ የሁለቱም ወገን አዋቂዎች ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አያቴ የሚቆጥሩት በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ ነው፤ በእያንዳንዱ አንጓ ላይ አንድ ስም ያሳርፉና ሰውየው የት እንዳረሰ፣ ከማን ጋር እንደ ተሟገተ፣ ለማን ዋስ እንደ ሆነ ሳይናገሩ ወደሚቀጥለው አያልፉም ነበር። ቆጠራው የሥጋ ዝምድናን ለመለየት ብቻ አልነበረም። በጎጃምና በበጌምድር ርስት የሚጠየቀው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚ አባት በአባትም በእናትም በኩል ትውልድ ተቆጥሮ ስለ ነበር፣ የዘሩን ሐረግ የማያውቅ ሰው በዳኛ ፊት የሚቆምበት እግር አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቆጠራው ለጋብቻ ብቻ ቀረ።

አጥንት ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። ጎረቤት ቤት እንጀራ ሲቀርብልን፣ ሆዳችን እየጮኸ እንኳ «በልቻለሁ» እንድንል ተደርገን ነው ያደግነው፤ እጃችንን የምንዘረጋው ደጋግመን ከተለመንን በኋላ ነው። ቀድሞ የዘረጋ ልጅ ሲመለስ የሚጠብቀውን ቁንጥጫ ያውቀዋል።

ስለ ቃሉ ምንጭ ሲነሣ ብዙው ሰው ወደ ጨው ይሮጣል፤ ጨዋ ማለት ጨው ያለው፣ ለዛ ያለው ማለት ነው ይላል። ያምራል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የግእዙ ፄው በአማርኛ ጨው፣ ዕፅም እንጨት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ምርኮ ማለት የሆነው ፄዋም ጨዋ ሆኗል ባይ ነኝ። ሁለቱ ቃላት በግእዝም ጎረቤታሞች ናቸውና ሕዝቡ ቢያምታታቸው አይፈረድበትም። በዐፄ አምደ ጽዮንና (እ.ኤ.አ. 1314–1344) በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468) ዘመን ጨዋ የሚባለው በየጠረፉ ሰፍሮ ጉልት፣ ማለትም ለአገልግሎቱ ከተሰጠው መሬት የሚገኘውን ግብር፣ የሚበላ የንጉሥ ጭፍራ ነበር። (የዘርአ ያዕቆብ ዐፅም ዛሬም እዚሁ ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው።) እንደኔ ግምት ከምርኮ የተመለመለው ወታደር ጉልተኛ ሆነ፤ የጉልተኛው ልጅ የጌታ ልጅ ተባለ፤ በግብር አዳራሽ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ መቼ ተነሥቶ መቼ እንደሚናገር እያየ ያደገው የልጅ ልጅ ደግሞ ሥርዓት አዋቂ ሆነ። የማዕረጉ ስም የጠባይ ስም የሆነው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

የቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገርም ያግዘኛል። እነርሱ ጨዋ የሚሉት ትምህርት የሌለውን ምእመን ነው፤ «ጨዋ ደንቆሮ» የሚለው ስድብም የመጣው ከዚያ ነው። ከተሜው ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ ነገር ግን በዳዊትና በድጓ ላደገ ደብተራ፣ ጦር ይዞ ከሚኖረው ሰው የበለጠ ከፊደል የራቀ ማን ሊኖር ይችላል?

እንግዲህ ወታደር፣ ጉልተኛ፣ ባለርስት፣ ሥርዓት አዋቂ በተባለበት ረጅም መንገድ ሁሉ ጨዋ ማለት ዝም የሚል ሰው ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ግን አሠሪው «ጨዋ ሠራተኛ» ሲል ደመወዙን የማይጠይቅ ማለቱ ነው፤ አማትም «ጨዋ ምራት» ስትል ቀና ብላ የማታይ ማለቷ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአጥንትም በአስተዳደግም የጨዋ ልጅ ነበሩ፤ በልጅነታቸው የቆዩትም ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በደብረ መዊ ገዳም ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ባከራከረ ጊዜ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ጋር ፊት ለፊት ተሟግተዋል። እኒያ አባወራ ቢሆኑ ቤታቸውን አያከራዩአቸውም ነበር።