ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ውርስ ሲታሰብ፦ ስፔሻል ኒድስ ትረስት

አሜሪካ ውስጥ ኤስኤስአይ የሚባለውን፣ መንግሥት አቅም ለሌላቸው አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጠውን ወርሃዊ ድጎማ የሚያገኝ ያላገባ ሰው በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ሊኖረው አይችልም። የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩበትም። እናት «ያለኝ ገንዘብ ለልጄ» ብላ ብትናዘዝለትና ጥሪቱ ከዚህ ልክ ካለፈ ግን ድጎማው ይቆማል። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድንም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

«ለወንድሙ ስጡት፣ እሱ ይየው» የሚለው የእኛ ዘዴስ? ወንድምየው ቢፋታ ወይም ዕዳ ቢገባ ገንዘቡ የእሱ ተብሎ ሊወሰድ ይችላል።

በስፔሻል ኒድስ ትረስት፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛ ሰው ገንዘብ በአደራ በሚቀመጥበት ሕጋዊ ውል፣ ገንዘቡን የሚይዘው ባለአደራ ነው። ልጁ ማዘዝ ስለማይችል እንደ ሀብቱ አይቆጠርም። ባለአደራው ለኮምፒውተር፣ ለትምህርት፣ ለጥርስ ሕክምና በቀጥታ ለሻጩ ይከፍላል። ጥሬ ገንዘብ በእጁ ከሰጠው ድጎማው ይቀነሳል፤ የቤት ኪራይም ቢከፍልለት ሊቀነስ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ግን የገንዘቡ ምንጭ ነው። የወላጅ ከሆነ፣ ልጁ ሲሞት የተረፈው ወላጅ ላዘዘለት ሰው ያልፋል። የልጁ የራሱ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመኪና አደጋ ካሳ፣ ልጁ ሲሞት ስቴቱ መጀመሪያ ለሜዲኬይድ ያወጣውን ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ትረስት አታደባልቁ።